አንድ የቡድን ፕሮጀክት በአራት ሲቪ ላይ እንዴት ይጻፍ?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ለሙያ ማጎልበቻ ጉባኤና ለሥራ ትርዒት የምንሄድ አራት የመስኖ ምህንድስና ተመራቂዎች ነን። የመመረቂያ ፕሮጀክታችን በጨሞጋ ወንዝ ላይ የመስኖ ውሃ መጥለፊያ ግድብ ዲዛይን ነው። የተቸገርነው እዚህ ላይ ነው፤ በአራቱም ሲቪ ያው ዓረፍተ ነገር ተጽፏል። ቀጣሪው ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ሲያያቸው ማን ምን እንደሠራ አይለይም። «ተሳትፌያለሁ» ማለት ደግሞ ምንም አይነግረውም።

በየድርሻችን ልንጽፍ አሰብን፦ አንዱ የጎርፍ መጠን ስሌት፣ አንዱ ግድቡ እንዳይገለበጥና እንዳይንሸራተት የሚደረገውን ፍተሻ፣ አንዷ የቦይ ቅየሳ፣ አንዷ የሥራ መጠንና የዋጋ ዝርዝር። ግን የዋጋ ዝርዝር ብቻ የጻፈችው ለዲዛይን ሥራ ብትወዳደር አይጎዳትም ወይ? ከሁሉ የሚያስጨንቀን ይህ ነው። ስሌቱን ሁላችንም እናውቀዋለንና።

ፖስተሩም አለ። በኤ4 የተሠራውን ወደ ኤ1 (59.4 በ84.1 ሴንቲ ሜትር) ስናሳድገው በስክሪንሾት የገቡት ሥዕሎች ደበዘዙ፤ ከአውቶካድ (የምህንድስና ሥዕል መሥሪያ ሶፍትዌር) በቀጥታ በፒዲኤፍ የወጡት ግን መስመራቸው ጥርት እንዳለ ነው። ስለዚህ ሥዕሎቹን እንደገና እያወጣን ነው። የቀረን የጽሑፉ ጉዳይ ነው፦ አንድ ሜትር ተኩል ርቆ ለሚያነብ ሰው 24 ነጥብ ፊደል ይበቃል ወይስ እንጨምር?

ተመራቂ ቀጥራችሁ የምታውቁ ታላላቆቻችን፣ ድርሻን ለይቶ የጻፈ ሲቪና ሙሉ ፕሮጀክቱን የጻፈ ሲቪ አብረው ቢደርሷችሁ የትኛውን ባለቤት ለቃለ መጠይቅ ትጠራላችሁ? አንድ መስመር ምሳሌ ብትጽፉልንማ እጅግ ይጠቅመናል።