አስቸኳይ፦ የሮማ ፈረሰኛ ጦር ጽሑፌ አልከፈት አለኝ፣ ነገ ጠዋት አቀርባለሁ

የታሪክ ተማሪዋ፦
እባካችሁ ድረሱልኝ። ነገ 2 ሰዓት ላይ የማቀርበው ጽሑፍ ከፍላሹ አልከፈት አለኝ። ርዕሱ «ሮማን ያዳነው ፈረሰኛ» ነው። በእጄ የቀረው «ጋሊየኑስ፣ ሚላን» የሚል አንድ ብጣሽ ወረቀት ብቻ ነው። ተንቀሳቃሹን ፈረሰኛ ጦር ያቋቋመው ይህ ንጉሠ ነገሥት ነው ወይስ ቆስጠንጢኖስ? ሌሊቱን እንደገና ልጽፈው ነው።

ጥገና ቤት፦
በፍላሹ ላይ ምንም አዲስ ነገር አታስቀምጪ። ፋይሉን ወደ ኮምፒውተርሽ ገልብጪና የተገለበጠውን ክፈቺ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ከሥሩ ያዢው። እ.ኤ.አ. በ260 ንጉሠ ነገሥት ቫሌሪያን በፋርሶች ተማረከ። ልጁ ጋሊየኑስ ብቻውን ቀረ፤ በጋሊያ፣ በዛሬዋ ፈረንሳይ በኩል፣ የጦር አዛዡ ፖስቱሙስ ሸፈተ፣ አለማኒ የሚባሉት የጀርመን ነገዶችም ጣሊያን ድረስ ዘለቁ። ሮማውያን ፈረሰኛ ድሮም ነበራቸው፣ ግን ሌጌዎን በሚባለው በአንዱ የእግረኛ ክፍለ ጦር 120 ያህል ብቻ ነበር። ጋሊየኑስ ፈረሰኞችን አሰባስቦ በአውሬዎሉስ አዛዥነት በሚላን አኖራቸው፤ የአልፕስ መንገዶች ወደዚያ ይወርዳሉና። ታዲያ በ268 ያው አውሬዎሉስ በሚላን ሸፈተበት። ጋሊየኑስም ከተማዋን ከቦ ሳለ የገዛ መኮንኖቹ ገደሉት። ይህን ሳትጽፊ እንዳታልፊ!

ፈረስ ወዳድ፦
እህቴ፣ ጽሑፍን በአንድ ፍላሽ ብቻ ማስቀመጥ ፈረስን ሳያስሩ መተኛት ነው! ለማንኛውም የ272ን ውጊያ ጨምሪበት። በአንጾኪያ አቅራቢያ፣ ኢማይ ላይ፣ የሮማው ንጉሠ ነገሥት የአውሬሊያን ቀላል ፈረሰኞች የሸሹ መስለው አፈገፈጉ። ፈረሳቸው ሳይቀር ብረት የለበሰው የፓልሚራዋ ንግሥት የዘኖቢያ ፈረሰኞች በፀሐይ ሲያሳድዱ ደከሙ፤ ያን ጊዜ ሮማውያኑ ዞረው ገጠሟቸው። አድማጮችሽ ይህን አይረሱትም።

የእግረኛው ጠበቃ፦
እኔ ግን ርዕሱን አልቀበለውም። የጦሩ አከርካሪ እስከ መጨረሻው እግረኛው ነበር። በ357 ስትራስቡርግ ላይ፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆነው ዩልያኖስ አለማኒዎችን 13,000 ያህል ወታደሮች ይዞ ሲዋጋ፣ ብረት ለበስ ፈረሰኞቹ ፈረጠጡ። በረጅም ዘንግ ጫፍ ያለውን የዩልያኖስን ዓርማ፣ ሐምራዊውን ዘንዶ፣ አይተው እሱ መሆኑን ሲያውቁ ነው የቆሙት። ድሉን ያመጣው ቦታውን ያልለቀቀው እግረኛ ነው። ፈረስ ደግሞ መኖና ዕረፍት ይፈልጋል፤ በረጅም ጉዞ ከእግረኛ ያን ያህል አይቀድምም።

አዲስ አባል፦
ፋይሉን ወደ ኮምፒውተርሽ ገልብጠሽ ክፈቺው።

የታሪክ ተማሪዋ፦
ገልብጬዋለሁ፣ አሁንም አልተከፈተም። ርዕሱ ጸድቋል፣ አልቀይረውም። ቆስጠንጢኖስስ?

ጡረተኛው መምህር፦
ጋሊየኑስ ጀመረ፤ የሱ ጦር ቋሚ ነበር ወይስ ለጊዜው የተሰባሰበ የሚለው ግን ምሁራንን ያከራክራል። ቆስጠንጢኖስ ንጉሠ ነገሥቱን የሚከተለውን ጦር፣ ኮሚታቴንሴስ የሚባለውን፣ አጠናከረ፤ ለፈረሰኛውና ለእግረኛውም የተለያዩ ጠቅላይ አዛዦች ሾመ። የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ ዞሲሙስ፣ ቆስጠንጢኖስ ወታደሩን ከድንበር አንሥቶ በየከተማው አሰፈረ ብሎ አምርሮ ይወቅሰዋል። የጋሊየኑስንም የቆስጠንጢኖስንም ስም ጥሪ፣ ልዩነቱንም በአንድ አንቀጽ አስረጂ።

ጥገና ቤት፦
በሌላ ኮምፒውተር ሞክረሽዋል? ስትከፍቺው የሚመጣውን መልእክት እዚህ ጻፊልኝ፣ እስከ እኩለ ሌሊት አልተኛም።

ፈረስ ወዳድ፦
እህቴ፣ ምን ደረስሽ?