ከሠርጌ ወዲህ 11 ኪሎ ጨመርኩ፤ እንዲሁ ላርግዝ?

የቦሌዋ፦
ሰላም እህቶቼ። 31 ዓመቴ ነው፣ ባንክ ቴለር ነኝ። ሳገባ 58 ኪሎ ነበርኩ፤ አሁን ሚዛኑ 69 ይላል። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ነው የምውለው። ምሳ ፓስታ በእንጀራ፣ አሥር ሰዓት ላይ ቦምቦሊኖ በሻይ፤ ማታ ደግሞ ባለቤቴ ብቻዬን አልበላም ይላል። እናቴ ስኳር አለባት። አሁን ልጅ ፈልገናል። አማቴ «ሥጋሽ ለልጁ ይሆነዋል፣ ተዪው» ይሉኛል። አንዲት የሥራ ጓደኛዬ ግን እርግዝናዋ ላይ ስኳር ተገኝቶባት መከራዋን ስታይ ነበር። ቀንሼ ላርግዝ ወይስ እንዲሁ ልግባበት?

አዋላጇ፦
እህቴ፣ አዋላጅ ነርስ ነኝ። እርግዝናው ሲገፋ ከእንግዴ ልጁ የሚወጡ ሆርሞኖች የደም ስኳርን የሚያወርደውን የኢንሱሊንን ጉልበት ያዳክማሉ። ቆሽትሽ ይህን ለማካካስ ከወትሮው አብዝቶ ማምረት አለበት። ውፍረት ደግሞ በራሱ ኢንሱሊንን ያዳክማል፤ በተለይ ሆድ አካባቢ የተጠራቀመ ስብ። ስለዚህ ከእርግዝና በፊት ባሉት ዓመታት የተጨመረ ኪሎ አደጋውን ከፍ ያደርገዋል። የእናትሽ ስኳር ሲታከልበት ችላ የሚባል አይደለም።

ግን «58 ካልገባሁ አላረግዝም» አትበይ። ሦስት አራት ኪሎ መቀነስ እንኳ ለውጥ አለው። አሁኑኑ በባዶ ሆድ ስኳርሽን ተለኪ። ከ100 በታች ከሆነ ደህና ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ሳታረግዢ ሐኪም ይይሽ። ፎሊክ አሲድም ከአሁኑ ጀምሪ። ካረገዝሽ በኋላ ለመቅጠን ብለሽ ምግብ እንዳትተዪ። በ24 እና በ28 ሳምንት መካከል 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥተሽ ትመረመሪያለሽ፣ እሱ እንዳያልፍሽ።

የሁለት እናት፦
ኧረ አታስፈራሯት! እኔ 85 ኪሎ ሆኜ ሁለት ወልጃለሁ፤ ስኳር የሚባል አልነካኝም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እሰይ፣ እግዜር ይመስገን። እኔን ግን ሁለተኛዬ ላይ ያዘኝ። የመጀመሪያዋን ስወልድ እናቴ ከአገር ቤት መጥታ በገንፎና በአጥሚት ቀለበችኝ። ያ ኪሎ ሳይወርድ ነው ደግሜ ያረገዝኩት። በቀን አራት ጊዜ ጣቴን እየወጋሁ እለካ ነበር። የሚገርመው፣ የኔን ስኳር ከምንም በላይ የሚያወጣው ሩዝ ነው። እንጀራ አልተውኩም፤ ግማሹን በጎመንና በምስር እበላና ተነስቼ እራመዳለሁ። ልጄ ደህና ተወለደ፣ ስኳሬም ወረደ። አንዴ የያዛት ሴት ግን ኋላ ላይ ዋናው የስኳር በሽታ የሚይዛት ዕድል ሰፊ ስለሆነ አሁንም እየሄድኩ እለካለሁ። ቦምቦሊኖዋን ተያት፣ በናትሽ።

የቦሌዋ፦
ኧረ ቦምቦሊኖዬን! እሺ፣ ቅዳሜ ልለካ ነው። ጠዋት ቡና ሳልጠጣ ግን ሰው አልሆንም። ያለ ስኳር ብጠጣ ችግር አለው?

አዋላጇ፦
አዎ፣ እንዳትጠጪ። ቢያንስ 8 ሰዓት ምንም ሳትቀምሺ ሂጂ፣ ውሃ ብቻ ይፈቀዳል። ደሙ ከተወሰደ በኋላ ቡናሽን እንደ ልብሽ።