«ኖራ» ስንል የቱን ማለታችን ነው?

ጥያቄ፦ ስለ ድሮ የገጠር ኖራ ማቃጠያ የሚያወራ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። አንድ ቦታ ኖራው እጅ ይልጣል ይላል፤ ሌላ ቦታ ቤት ይቀባበታል። «ኖራ አቃጠሉ»ም ይላል፤ ኖራ ይነዳል እንዴ? ማቃጠያውንስ ምድጃ ልበለው?

መልስ፦ እቶን በለው ወንድሜ። ምድጃ ላይ ድስት ነው የሚጣደው። ኖራ ደግሞ አይነድም፤ የሚነደው እንጨቱ ወይም ከሰሉ ነው። ግራ የገባህ አማርኛችን ለሦስት ነገር አንድ ስም ስለሰጠ ነው።

መጀመሪያ ድንጋዩ አለ፤ የኖራ ድንጋይ ወይም በሃ ድንጋይ። እቶን ውስጥ ሙቀቱ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወጥቶ ይሄዳል። 100 ኪሎ ንጹሕ ድንጋይ ብታስገባ የሚወጣልህ 56 ኪሎ ነው። ሲያዩት ያው ድንጋይ ነው፤ ሲያነሱት ግን ቀሎ ይገኛል። እጅ የሚልጠው ይሄኛው፣ ሁለተኛው ነው። ውሃ ጠብ ሲልበት ይሰነጠቃል፣ ይፍለቀለቃል፣ በእንፋሎት ይጨሳል፤ በመጨረሻ ፍርክስክስ ብሎ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ሙቀቱ ቀልድ አይደለም፤ ይህን የጫነ መርከብ ውሃ ከገባበት እሳት ሊነሳበት ይችላል። «ውሃ ያልነካው ኖራ» ብትለው አንባቢ ይገባዋል።

ሦስተኛው ውሃ የጠገበው ነው። ቤት የሚቀባበት፣ ድንጋይ ከድንጋይ የሚያያዝበት እሱ ነው። ሮማዊው ፕሊኒ እንደጻፈው፣ ሦስት ዓመት ያልሞላው ኖራ ለግንባታ እንዳይውል የድሮ ደንብ ይከለክል ነበር። ግድግዳ ላይ ከዋለ በኋላ እቶን ውስጥ ያጣውን ጋዝ ከአየር ቀስ እያለ መልሶ ይስባል። እንደገና ድንጋይ ይሆናል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ጽሑፉ ላይ ጋሪው ለምን ወደ እቶኑ ጫፍ ይወጣል?

መልስ፦ ድንጋይና ከሰሉ በየተራ የሚደረደረው ከላይ ነዋ። የበሰለው ከሥር ይዛቃል። ብዙዎቹ ተዳፋት ተደግፈው የተሠሩት ለዚሁ ነው፤ ጋሪው በላይ በኩል ደርሶ ይገለብጣል። ያ ጫፍ ሞቃት ስለሆነ በብርድ ሌሊት መንገደኛ እዚያው ይተኛ ነበር። አንዳንዱ በጋዙ ታፍኖ በዚያው ቀርቷል። ጽሑፍህ «እቶኑ ገደለው» ካለ ሰውየው እሳት ውስጥ ወደቀ ብለህ እንዳትተረጉም።

ሌላ መልስ፦ ፈሊጡንም እንጨምርለት። ግብዝን «በኖራ የተለሰነ መቃብር» የምንለው ከማቴዎስ 23፥27 ነው። ግን ያኔ መቃብር ኖራ የሚቀባው ለማማር ብቻ አልነበረም። አይሁድ ከፋሲካ በፊት የሚቀቡት መንገደኛ ሳያውቅ ነክቶ እንዳይረክስ፣ ከሩቅ እንዲታይ ነው። «ለሰነ» ደግሞ ዛሬም በግንበኛ አፍ አለ፤ ልስን የምንለው እሱው ነው። ጭቃ ሲሆን ግን ምርጊት እንላለን።

አደራ፣ ጀሶ ብለህ እንዳትጽፈው። ሁለቱም ነጭ ናቸው እንጂ ጀሶ የሌላ ድንጋይ ልጅ ነው፤ ለእሱ ከ200 ዲግሪ በታች ሙቀት ይበቃዋል። 900 ዲግሪ የሚል ካየህ ጀሶ አይደለም።