በአውሮፓ ጥንቆላ «ሰይጣን ማምለክ» የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ዋርካ_ሥር፦
ወገኖች፣ ስለ አውሮፓ የጠንቋይ አደን ሁለት የማይገጥሙ ነገሮች አነበብኩ። አንዱ ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ ጠንቋይን በሰይጣን አምላኪነት ታቃጥል ነበር ይላል። ሌላው በ1486 ገደማ የታተመው የሃይንሪሽ ክራመር «የጠንቋዮች መዶሻ» ነገሩን ከምንም ፈጠረው ይላል። የቱ ነው ልክ? ደግሞስ የጎረቤት ላም አነጠፈች ተብላ የተከሰሰች የመንደር ሴት ከሰይጣን ጋር ምን አገናኛት?

አሮጌ_ብራና፦
ሁለቱም ልክ አይደሉም። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። በእኛ አነጋገር ጠንቋይ ሰው ወዶ፣ ከፍሎ የሚያስጠነቁልበት ነው። እነሱ ያቃጠሉት ግን በአብዛኛው ሰው፣ ከብት ወይም አዝመራ ጎዳ የተባለውን ነው። ለዚህ «መተተኛ» ይሻላል፤ ግማሹ እንዲያውም ወደ ቡዳ ያደላል። የላቲኑ ስም ማሌፊኪዩም ነው፣ ክፉ ሥራ ማለት ነው። ሰይጣን በስሙ ውስጥ የለበትም።

በ906 ገደማ ሬጊኖ የተባለ መነኩሴ በሰበሰበው ሕግ ውስጥ ካኖን ኤፒስኮፒ የሚባል አንቀጽ አለ። «ሌሊት ከዲያና (ከሮማውያን ጣዖት) ጋር በአውሬ ጀርባ አገር እንዞራለን» የሚሉ ሴቶችን ሰይጣን በሕልም አስቷቸዋል፣ በአካል ሆኗል ብሎ የሚያምን እሱ ነው የሳተው ይላል። በ1258 የሮማው ጳጳስ አሌክሳንደር 4ኛም መናፍቅ መርማሪዎቹን፣ ጥንቆላው ግልጽ የመናፍቅነት ሽታ ከሌለው አትግቡበት ብሏቸዋል።

በሩን የከፈተው ይኸው «ሽታ» ነው። የሊቃውንቱ ሙግት እንዲህ ይሄዳል፦ ቃልና ቅጠል በባሕርያቸው በረዶ አያዘንቡም፤ ከዘነበ ያዘነበው ጋኔን ነው፤ ጋኔን ደግሞ ለሰው በነጻ አይታዘዝም፤ ስለዚህ በግልጽ ባይሆን እንኳ በዝምታ የተገባ ውል አለ፤ ውሉ ለእግዚአብሔር የሚገባውን ለጋኔን ይሰጣል፤ ይህም ጣዖት ማምለክ ነው። ሐሳቡ ከአውግስጢኖስ ጀምሮ ነበረ። በ1398 የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የነገረ መለኮት መምህራን አስማትን በ28 አንቀጽ ሲያወግዙ ዋናው ነጥብ እሱ ነበር። ያኔ ግን የታለመው መጽሐፍ ገልጦ መንፈስ የሚጠራው የተማረ ሰው ነው፤ እኛ ዘንድ በደብተራ የሚጠረጠረው ዓይነት።

ጠንቋዮች ሌሊት ተሰብስበው ሰይጣንን ያመልካሉ የሚለው ወሬ ግን ሌላ ምንጭ አለው። በ1233 ጳጳስ ግሪጎሪ 9ኛ ስለ ጀርመን መናፍቃን በጻፈው ደብዳቤ፣ ተሰብስበው ጉርጥንና ጥቁር ድመትን ይስማሉ ይላል። ያ ደብዳቤ የሚናገረው ስለ መናፍቅ እንጂ ስለ መተተኛ አይደለም። ሁለቱ የተሰፉት በ1420ዎቹና በ30ዎቹ፣ በምዕራብ አልፕስ በቫሌና በሳቮይ ነው። ስፌቱ በስሞቹ ላይ ይታያል፦ በዚያ አካባቢ ፈረንሳይኛ ጠንቋዩን «ቮዱዋ» አሉት፣ ዋልደንሳዊ መናፍቅ ማለት ነው፤ ስብሰባውን ደግሞ ከአይሁድ ወስደው «ምኩራብ»፣ በኋላም «ሰንበት» አሉት። ክራመር ከ50 ዓመት በኋላ የመጣ ነው፤ መጽሐፉ ስለ ሰንበቱ የሚለውም ጥቂት ነው።

ሚዛን፦
የላሟን ጥያቄ እኔ ልውሰደው። ጎረቤት የሚከስሰው ስለ ላሙ ነው፤ ሰይጣንን የሚያመጣው ጠያቂው ዳኛ ነው።

በ1532 የወጣው የጀርመን ንጉሠ ነገሥት የካርል 5ኛ የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 109፦ በጥንቆላ ጉዳት ያደረሰ በእሳት ይቀጣል፣ ጉዳት ካላደረሰ ቅጣቱ እንደ ጉዳዩ ይወሰናል። ውል የሚባል ነገር አያነሳም። በ1572 የሳክሶኒ (የጀርመን ግዛት) ሕግ ይህን ገለበጠው፤ ማንንም ባይጎዳ እንኳ ከሰይጣን ጋር የተዋዋለ ይቃጠል አለ።

ትንሽ ለውጥ ትመስላለች፣ መዘዟ ግን ሌላ ነው። ለሞተ ጥጃ ምስክር ይገኛል። ሌሊት ለተገባ ውል ግን ያለው ማስረጃ የተከሳሿ ቃል ብቻ ነው፤ ቃሉን የሚያወጣው ደግሞ ገመድ ነው፣ እጅን የፊጥኝ አስሮ ወደ ላይ መሳብ። ከዚያ ጥያቄው ይደረደራል፦ መቼ አገኘሽው? ምን ለብሶ ነበር? ምን ቃል አስገባሽ? በስብሰባው ማን ማንን አየሽ? ነገሩ የሚበላሸው በመጨረሻዋ ነው። ላም የምታነጥፍ ሴት ብቻዋን ናት፤ «ሰንበት» የሄደች ግን ጎረቤቶቿን «አይታለች»። ሕጉ ቃሉ ከገመድ ውጭ እንዲደገም ያዛል። ብትክድስ? ወደ ገመዱ ትመለሳለች።

ዋርካ_ሥር፦
አመሰግናለሁ። ታዲያ በስፔን ኢንኲዚሽን (መናፍቅ መርማሪ ፍርድ ቤት) ዘንድ የባሰ መሆን ነበረበት ማለት ነው?

አሮጌ_ብራና፦
ሰው እንደዚያ ይገምታል፣ ግን ተቃራኒው ነው። በሰሜን ስፔን ሎግሮኞ ከተማ በኖቬምበር 1610 ስድስት ሰው በሕይወት እያለ፣ አምስት እስር ቤት የሞቱ ደግሞ በምስላቸው ተቃጠሉ። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ የነበረው አሎንሶ ደ ሳላሳር ፍሪያስ በ1611 የይቅርታ አዋጅ ይዞ መንደር ለመንደር ዞረ፤ 1,802 ሰው ቃሉን ሰጠው፣ 1,384ቱ ልጆች ነበሩ። እሱም እያንዳንዱን ነገር ፈተነ። የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ሌሊት ጸሐፊዎቹን የስብሰባው ቦታ ነው ወደተባለው ላካቸው፤ ማንም አልመጣም። 22 ማሰሮ «የጠንቋይ ቅባት» አስመረመረ፣ በእንስሳትም ላይ አስሞከረ፤ አንዱም ምንም አላደረገም። ከሰይጣን ጋር ተኛን ያሉ ልጃገረዶችን ሴቶች መረመሯቸው፤ ድንግል ሆነው ተገኙ።

ኢንኲዚሽኑ በ1614 ያወጣው መመሪያ መርማሪው አስቀድሞ እንዲያጣራ አዘዘ፦ የሞተው ሰው በበሽታ፣ አዝመራው በተለመደው በረዶ አልጠፋም? ቃሉን የሚያነሣም ሰው ያለ ቅጣት እንዲያነሣ ተፈቀደለት።