ክቡ የጃንሆይ ሃያ አምስት ሳንቲም፦ የተሞረደ ይሆን?

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የታክሲ ረዳቶች ሳንቲማቸውን እኔ ጋ በኖት ይቀይራሉ። ባለፈው ሳምንት አንድ ፌስታል ሙሉ ይዤ ባንክ ሄድኩ። የመቁጠሪያ ማሽኑ መጠኑ ያልገጠመለትን ሳንቲም በጎኑ ባለች ሳህን ይተፋል። ሳህኗ ውስጥ የኔ ያልሆኑ ሦስት ሳንቲሞች አገኘሁ። ከእኔ በፊት ያስቆጠረው ሰው ትቷቸው ሄዷል። ገንዘብ ያዧን ብጠይቃት ሳቀች፤ «እዚህ አይሠሩም፣ ይውሰዷቸው» አለችኝ።

አንዱ የሳዑዲ ሃላላ ነው፤ እሱን ተዉት። ሁለቱ የመዳብ ሃያ አምስት ሳንቲም ናቸው። በአንድ ፊት ጃንሆይ፣ በሌላው ዘውድ የደፋ አንበሳ፣ ዓመቱ ፲፱፻፴፮። አንደኛው ጠርዙ እንደ አበባ ተቆራርጧል። ሌላው ድፍን ክብ ነው። መጀመሪያ የወጣው ክቡ ነበር። ከብር ማዕድን ከተሠራው ሃምሳ ሳንቲም ጋር እየተምታታ ስላስቸገረ ጠርዙ እንዲቆረጥ ተደረገ። ስለዚህ ሰብሳቢዎች ክቡን ይፈልጉታል። ተፈላጊ ነገር ካለ ደግሞ አበባማውን ሞርዶ ክብ ለማስመሰል ሞረድ የሚያነሣ ሰው አይጠፋም።

ደራርቤ ሳያቸው ክቡ በፀጉር ያህል ይሰፋል። ወርቅ ሠሪ ዘንድ ሳስመዝናቸው ሁለቱም ወደ 7 ግራም ናቸው። ጥፋቴ ከዚህ በኋላ ነው። ጠርዙ በደንብ ይታየኝ ብዬ ክቡን በሎሚና በአመድ ፈተግኩት። ቡናማ መልኩ ሄዶ አዲስ የኤሌክትሪክ ሽቦ መሰለ። የሞረድ ጭረት ቢኖርም እንኳ አሁን ከኔ ፍትጊያ መለየት አቃተኝ።

ክቡ ሳንቲም ከፋብሪካ እንዲሁ የወጣ ይሁን በኋላ የተሞረደ፣ ከእንግዲህ በምን ላረጋግጥ?