«ትርፍ ጋዝ» የሚባለው የቱ ነው?

ነበልባል፦ አንድ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ኃላፊ ስለ ጋዝ ማቃጠያው ሲጠየቁ «የምናቃጥለው ትርፉን ብቻ ነው» አሉ። በጣም ተናደድኩ። ከዝቃጩ የሚወጣው ባዮጋዝ 60 በመቶ ገደማው ሜቴን ነው። ጄኔሬተር ያዞራል። ጣቢያው ግን ፍሳሹ ውስጥ አየር ለሚነፉት ማሽኖች መብራት እየገዛ ጋዙን በከንቱ ያነዳል።

የፈረቃ ሰው፦ እንዲህ ያለ ጣቢያ ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁ። ጋዝ በትእዛዝ አይመጣም። ማጠራቀሚያው የሚይዘው የሰዓታት ምርት ነው። ጋዙን ወደ መብራት የሚቀይረው ሞተር ለጥገና ሲቆም የት እናድርገው? ሳይቃጠል ከተለቀቀ ሜቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል።

ነበልባል፦ ልቀቁት ያለ ሰው የለም። እኔ የያዝኩት «ትርፍ» የሚለውን ቃል ነው። መብራት የሚገዛ ጣቢያ ምን ተርፎት ነው?

የፈረቃ ሰው፦ ከሞተሩ አቅም በላይ የሆነው ማለት ነው።

ጠብታ፦ እንግዲያው የሞተር እጥረት በሉት። ትርፍ አትበሉት።

ብረት ሠሪ፦ ሞተር ግዙ ማለት ይቀላል። ጋዙ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ብረት ይበላል። ከሻምፖና ከመዋቢያ የሚመጣው ሲሎክሴን የሚባል የሲሊከን ውህድ ደግሞ ሲነድ እንደ አሸዋ ሆኖ ሲሊንደሩ ላይ ይጋገራል። መጀመሪያ ማጽጃ ያስፈልጋል። ትንሽ ጣቢያ ወጪውን አይችለውም።

ነበልባል፦ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ያለው ጣቢያ በ2012 ከሚፈጀው በላይ መብራት ማመንጨት ጀምሯል። እዚያም ሰው ሻምፖ ይጠቀማል።

ብረት ሠሪ፦ እነሱ ከውጭ የምግብ ተረፈ ምርት እያስገቡ ይጨምራሉ። አይወዳደርም።

ጠብታ፦ ነፋስ እሳቱን ሲያጠፋውስ? ቀን ላይ ነበልባሉ በደንብ አይታይም። ጋዙ ዝም ብሎ ሲወጣ ማን ያያል?

የፈረቃ ሰው፦ ሙቀት መለኪያ አለው፤ ሲጠፋ መልሶ ይለኩሰዋል። እኛን ቸልተኛ አታድርጉን። ሌሊት ተነስቼ በእጄ የለኮስኩበት ጊዜ አለ።

ጠብታ፦ በእጅህ ከለኮስክማ መለኪያው አልሠራም ማለት ነው!

የፈረቃ ሰው፦ ያኔ ተበላሽቶ ነበር። ተጠገነ።

ነበልባል፦ ወንድሜ፣ አንተን አልወቀስኩም። በሙቀት ወራት ማብላያውን፣ ዝቃጩ ተብላልቶ ጋዝ የሚያወጣበትን ገንዳ፣ 35 ዲግሪ ላይ ለማቆየት ትንሽ ጋዝ ይበቃል፤ የሚቃጠለው የዚያኔ ይበዛል። ይህ በየዓመቱ የሚታወቅ ነገር ነው። በወር ስንት ሜትር ኩብ ነደደ? ይንገሩን።

የፈረቃ ሰው፦ ቆጣሪ አለ። በየፈረቃው እንመዘግባለን።

ነበልባል፦ የት ላይ?

የፈረቃ ሰው፦ «ትርፍ» የሚል አምድ ላይ።

ጠብታ፦ ይኸው! ከዚያ አምድ ይጀመር።

ብረት ሠሪ፦ ስሙን ብትቀይሩት ሞተሩ አይመጣም።