ለ35 ኮምፒውተር ኬብል እንዘርጋ ወይስ ዋይፋይ ይበቃናል?

የባህር ዳር ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። መሥሪያ ቤታችን ጂ ፕላስ 2 ሕንፃ ተከራይቶ ሊገባ ነው። 35 ኮምፒውተርና 4 ፕሪንተር አለን። ሂሳብ ክፍል ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ፕሮግራም ከአንድ ሰርቨር ላይ በጋራ ይጠቀማል። መጋዘኑ ከግቢው ጀርባ ነው፤ ኬብል በሚሄድበት መንገድ ስለካው 130 ሜትር መጣ። ኃላፊያችን "ዋይፋይ እያለ ግድግዳ መብሳት ምን አመጣው?" ይላሉ። ምን ልበላቸው?

ራውተር፦ ለስልክና ለላፕቶፕ ዋይፋይ፣ ከጠረጴዛ ለማይነሳ ኮምፒውተር ኬብል። ዋይፋይ ላይ ሁሉም አንድ አየር ነው የሚሻማው፤ አንዱ ትልቅ ፋይል ሲያወርድ ሌላው ይንቀራፈፋል።

ሂሳብ ሠራተኛ፦ ስለ ፒችትሪ እኔ ልመስክር። በዋይፋይ ስንሠራ ኔትወርኩ ብልጭ ባለ ቁጥር ፕሮግራሙ ይዘጋብን ነበር። አንድ ጊዜማ ዳታው ተበላሽቶ የሦስት ቀን ቫውቸር እንደገና አስገብተናል። ይህን ለኃላፊህ ንገራቸው፤ ሌላው ቴክኒክ አያሳምናቸውም።

ኬብል ጎታች፦ ካት 6 የሚባለውን የኔትወርክ ኬብል ግዛ፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ግን አትመን። መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም እንደ ንጹሕ መዳብ ይሸጣል። ሽቦውን በምላጭ ፋቅ አድርገው፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መልስለት። ለመጋዘኑ ግን ካት 6ም አይሆንህም፤ የመዳብ ኬብል ልኩ 100 ሜትር ነው። "መሀል ላይ ስዊች (የኔትወርክ ኬብሎችን የሚያገናኘውን ሳጥን) ጣል አድርግ" የሚልህ አይጠፋም፤ ሜዳ ላይ መብራቱን ከየት ታመጣለህ? ዝናቡስ? ብረት የሌለበት ፋይበር (ዳታን በብርሃን የሚያስተላልፍ ኬብል) በቧንቧ ቅበር። በክረምት መብረቅ ሲወድቅ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ኤሌክትሪክ አያሻግርም።

የባህር ዳር ልጅ፦ ስዊችስ? ተራው ይበቃል? ደግሞ አከራያችን ግድግዳ እንዲበሳ አይፈልጉም።

ራውተር፦ ለየፎቁ ባለ 24 ፖርት (መሰኪያ)፣ ማኔጅ የሚደረግ፣ ማለትም ቅንብሩን ራስህ የምታስተካክለው። የእንግዳውን ዋይፋይ ከሂሳብ ክፍሉ በቪላን (አንዱን ኔትወርክ ለየብቻ በሚከፍል ቅንብር) ትለይበታለህ። ተራው ስዊች ላይ አንድ ሰው ሳያውቅ የአንድ ኬብል ሁለቱንም ጫፍ ቢሰካ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሥራ ሊፈታ ይችላል፤ እኛ ጋ ግማሽ ቀን ፈልገን ነው ያገኘነው። ለስዊቾቹም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) አትርሳ፤ ሰርቨሩ ብቻውን ቢበራ ምን ይጠቅማል?

ኬብል ጎታች፦ ለአከራዩ ሲባል ኬብሉን በትራንኪንግ (በፕላስቲክ የኬብል መሸፈኛ) ግድግዳው ላይ አስኪደው። ከፎቅ ወደ ፎቅ ለማሳለፍ ግን አንድ ቀዳዳ ማስፈቀድህ አይቀርም፤ ውል ሳትፈርሙ ጠይቃቸው።

የባህር ዳር ልጅ፦ ውሉ ሐሙስ ነው የሚፈረመው። በሰዓቱ ነገርከኝ።